ሦስተኛው እጩ

ሰኞ
ማንም አልመጣም። ነጋሪቱ ሲጎሰም አረፈደ፤ መስኩ ባዶ ነው። ሻለቃው እኔን ጸሐፊያቸውን ከጎባ ያመጡኝ የመንደሩ ሰው ሹሙን ሲመርጥ እንድመዘግብ ነበር። እጩው አንድ ነው፤ ቱሉ ይባላል። ጦራችን ወደዚህ አገር ሲገባ መንገድ የመራው እሱ ነው። መስኩ መሀል ቆሞ ሲጠብቅ ጉሙ ዋጠው።

አስተርጓሚያችንን ከድርን «ሰዎቹ የት ሄዱ?» አልኩት።

«የትም አልሄዱም። ቤታቸው ናቸው።»

እውነትም ከየጎጆው ጭስ ይወጣል። ግን ሕፃን አያለቅስም። ውሻ አይጮህም።

ማክሰኞ
ሻለቃው ተቆጡ። «እስከ ሐሙስ ካልመረጡ መንደሩን አቃጥላለሁ» አሉ። የከድር ፊት ጠቆረ። እህቱ ያገባችው እዚያ ነው።

ረቡዕ
ሁለተኛ እጩ ተጨመረ፤ የቱሉ ወንድም። ጥቂት ሽማግሌዎች መጡ። ወንድማማቾቹን አዩ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ዓይናቸውን ከእኛ ሳይነቅሉ፣ የኋሊት እየተራመዱ ጉሙ ውስጥ ገቡ።

«ሁለቱ ያው ናቸው፤ ምን ሊመርጡ ይምጡ?» አለኝ ከድር።

እንደ ምንም ደፍሬ ለሻለቃው ነገርኳቸው። «ታዲያ ማንን ይፈልጋሉ?» አሉ።

ከድር የሼህ አደምን ስም ጠራ። ጦሩን ሸሽተው ሪራ ጫካ የገቡ ሽማግሌ ናቸው።

«ይምጣ፤ አልነካውም። ሕዝቡ ካልመጣ ግን እሳቱን የምትለኩሰው አንተ ነህ» አሉት ሻለቃው።

ከድር በቅሎ ጭኖ ወደ ጫካው ወረደ።

ሐሙስ
ጉሙ ከትናንቱ ባሰ። ሼህ አደም ከከድር ጋር ደርሰው ከወንድማማቾቹ አጠገብ ቆሙ። ነጋሪት መቺው ገና በትሩን ሳያነሳ ሣሩ ሲንሿሿ ሰማሁ። ከዚያ ሰዎች ታዩ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከጀርባችን። ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ የሚደገፉ ሽማግሎች፣ አንካሶች። እዚህ አገር ይህን ያህል ሰው እንዳለ አናውቅም ነበር። ወታደሮቹ ሳይታዘዙ ጠብመንጃ አነሱ።

ሁሉም ከሼህ አደም ኋላ ቆሙ። ድምፅ የለም።

«ተመርጧል» አሉ ሻለቃው።

ሼህ አደም በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ዞሮ ሄደ።

«ምን አላቸው?» አሉ ሻለቃው።

«ቤታችሁ ግቡ ነው ያሏቸው» አለ ከድር፤ እያለቀሰ ነበር።

መንደሩ ተረፈ። ተመስገን። ግን ሰኞ ዕለት ባዶ መስሎን መስኩ ላይ ስንጎራደድ፣ ስንት ዓይን ከቅርብ ሲያየን ነበር?