እንደምን ዋሉ የሚለው ማሽን

ለውድ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ሳሉ ቀለል አለልዎ? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽዎ አሁንም ያጥራል? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? የላከችልኝ በጭስ የደረቀ ሥጋ ደርሶኝ ከሩዝ ጋር በልቼዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ያልዳነው ንዴቴ ብቻ ነው።

ይህ ደብዳቤ ከአዲሱ የኦክስጅን ማሽን ጋር በአንድ ካርቶን ይደርስዎታል። ቅዳሜ ዕለት ወንድሜ ሁዋይ ለሙከራ የላክሁልዎን አሮጌውን ከሶኬት ነቅሎ ከጤና ጣቢያ የኦክስጅን ሲሊንደር ያመጣልዎ እኔ አዝዤው ነው። ምክንያቱን በስልክ ልነግርዎ አልደፈርኩም፤ "ግድ የለም" ብለው ይዘጉብኛላ።

አለቃዬን ኦውያንግን ያውቁታል፤ ለበዓል ስጦታ ብሎ የራሱ ፎቶ ያለበት ኩባያ የላከልዎ ሰው። ይህ ሰው እኛን የማሽኑን ኮድ የምንጽፈውን ሳይጠይቅ ለማሽኑ ድምፅ የሚሆን ላይብረሪ ገዛ፤ ማለትም ሌሎች ጽፈው የሸጡት የኮድ ክምር። በአሥራ ሁለት ቋንቋ ይዘፍናል፤ የምንፈልገው ግን "እንደምን ዋሉ" የምትለዋን ብቻ ነው። የማሽኑ አንጎል የሆነችው ቺፓችን ደግሞ ጥፍር የምታህል ርካሽ ነገር ናት። ማህደረ ትውስታዋ አራት በር እንዳለው ቁም ሣጥን ነው፤ በአንድ ጊዜ አንዱ በር ብቻ ይከፈታል። ከጎኑ ሁልጊዜ ክፍት የሆነች ጠባብ መደርደሪያ አለች። የአደጋ ጩኸት መቀመጥ ያለበት እዚያ ነው፤ ይህን ጀማሪ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል።

ክምሩ አልገባ ሲል ኦውያንግ "እህት ታን፣ ጩኸቱን ወደ ሦስተኛው በር ግፊውና መደርደሪያውን ለድምፁ ልቀቂ፤ ማን በየቀኑ ይታፈናል?" አለኝ። በሩ ዝግ ሳለ አደጋ ቢመጣስ ብዬ ስጠይቀው "አንቺ ደግሞ ሟርተኛ!" ብሎ ሳቀብኝ። የዚህ ሰው ጭንቅላት ከቺፗ ይጠባል።

ታዲያ ቅዳሜ እርስዎ በስልክ ምን አሉኝ? "ማሽንሽ ጨዋ ነው፤ ደክሞኝ ጋደም ስል እንደምን ዋሉ ይለኛል።" አባቴ፣ ወዲያው ለሁዋይ ደወልኩ። ማሽኑ ሰላምታ መስጠት ያለበት ሲበራ ብቻ ነው። ኦክስጅኑ ሲያንስ ጩኸቱን ፍለጋ እጁን ይሰዳል፤ ሦስተኛው በር ግን ዝግ ነው፤ ክፍቱ መደርደሪያ ላይ ያለው ሰላምታ ነውና እሱኑ ያነሣል። ደክሞዎት የነበረው አየር አጥሮዎት ነው።

ለኦውያንግ ስነግረው "የአንድ ሽማግሌ ወሬ ነው። ደግሞስ ሽማግሌ ሰላምታ ይጠላል? ካስቸገረሽ ድምፁን ዝቅ አድርጊው" አለ። አልሸሹም ዞር አሉ! እንደ እርስዎ ያለ ሁለት ሺህ ማሽን በሚቀጥለው ሰኞ ሊጫን ነው፤ እንዲጫን አልፈርምም ብዬዋለሁ። እሱን እንቀዋለሁ፤ ከእሱ አብልጬ የምንቃት ግን ያንን ጩኸት በገዛ እጇ ከበሩ ኋላ የገፋችውን ሴት ነው። እሷም እኔ ነኝ።

ስለዚህ አሮጌውን ማሽን ለሁዋይ ይስጡልኝ። እንደወደዱት አውቃለሁ፤ ግን ሌላ ማስረጃ የለኝም። በሩዝ ጆንያ ጠቅልሎ እሑድ በባቡር ያምጣልኝ፤ በፋብሪካው ባለቤት ፊት እንደምን ዋሉ ይበልልኝ።

ከአዲሱ ላይ ላይብረሪውን ነቅዬ ጥያለሁ። አይናገርም፣ አይዘፍንም። ዝም ካለ ደህና ነዎት ማለት ነው፤ ከጮኸ ወዲያው ሁዋይን ይጥሩት።

እማዬን እጇን ይሳሙልኝ። ለሁዋይ፣ ለሚስቱ ለፒንግ፣ ለትንሿ ሊያን ሰላምታዬ ይድረስ። አጎቴ ደዩንም ቼዝ ላይ ማጭበርበሩን ይተው ይበሉልኝ። እርስዎን ግን፣ አባቴ፣ ከእንግዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየደወልኩ እንደምን ዋሉ የምልዎ እኔው ነኝ።

ልጅዎ ታን ዩሮንግ
ሼንዘን፣ ኖቬምበር 5 ቀን 2019