ስለ ከፍተኛ ተመራማሪያችን ዕረፍትና ዘጠኝ ዓመት ስለዘገየው እርማታቸው

የጥንታዊ ክርስቲያናዊ ጽሑፎች ጥናት ተቋም ከፍተኛ ተመራማሪና የትርጓሜ መምህር የነበሩት አንጋፋ አባላችን፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ተቋሙ በእኚህ ሰው ሞት ከልቡ አዝኗል። ይህ በአንድ ዓመት ውስጥ ያወጣነው አራተኛው የሀዘን መግለጫ ነው። የቀደሙትን ሦስቱን ስምና ቀን እየለወጥን እንዳወጣናቸው አባላት ሳያስተውሉ አልቀሩም። ደክሞን ነበር፤ አሁንም ደክሞናል። ይህኛውን ግን በዚያ መንገድ ማውጣት አልቻልንም።

መምህራችን ወደ ተቋሙ የመጡት ከአርባ አንድ ዓመት በፊት በረዳት ካታሎግ አዘጋጅነት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ያሳለፉት በምድር ቤቱ መጋዘን ነው። በካርቶን ተከምረው የነበሩትን የብራና ቁርጥራጮች አቧራቸውን እያራገፉ ቁጥር ሰጡ። ዛሬ ማንኛውም አንባቢ የሚጠቀምበት የካርድ ማውጫ የእጅ ጽሕፈታቸው ነው።

ቀጥሎ ለሠላሳ ዓመት ያህል የትርጓሜ ክፍሉን አስተማሩ። ተማሪ ጥቅሱን አንብቦ ሳይጨርስ ወደ ፍቺው ሲንደረደር «ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ ምን ይላል?» ይሉ ስለነበር፣ ተማሪዎች «አባ ቆይ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙን ያውቁት ነበር፤ አልተቀየሙበትም።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ የጥንት ሰባኪ ስለ ጠፋው ልጅ ምሳሌ የጻፈውን ትርጓሜ፣ ሠላሳ ስምንት ቅጠል ካለው ብቸኛ የብራና ቅጂ አንብበው ከሰፊ ማብራሪያ ጋር አሳተሙ። መጽሐፉ «ከደጅ የቀረው ወንድም» ይባላል። ምሳሌውን ለዘነጋ፦ ሀብቱን በትኖ የተመለሰውን ታናሽ ልጅ አባት ደግሶ ይቀበለዋል፤ ታላቁ ልጅ ግን ተቆጥቶ አልገባም ይላል፤ አባትም ወጥቶ ይለምነዋል። በብራናችን ላይ ግን የሰባኪው ትርጓሜ የሚያልቀው በሩ ተዘግቶ፣ ታላቁ ልጅ ውጭ እንደቆመ ነው። መምህራችን ከዚህ ተነሥተው፣ ይህ ሰባኪ ለቂመኛ ምሕረት የሌለው፣ ከጥንት ተርጓሚዎች ሁሉ የከበደ ነው ሲሉ አስተማሩ። መጽሐፉ አምስት ጊዜ ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ገባ። የተቋማችን ስም የተጠራው በእርሱ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ብራናው ጀርባው ስለላላ ለጥገና ክፍላችን ጠራዥ ተሰጠ። ጠራዡ ክሩን ፈትቶ ቅጠሎቹን ጠረጴዛ ላይ ሲደረድር፣ ብል የበላው ቀዳዳ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው አልገጥም አለው። ቀዳዳው እስኪገጥም ቅጠሎቹን አፈራረቀና መምህራችንን አስጠራ። «ጌታዬ፣ ብል ዘሎ አይበላም። ይሄ ድሮ ሲጠገን ተዛንቆ የተጠረዘ ነው» አላቸው። እያንዳንዱ ቅጠል በራሱ አንቀጽ ጀምሮ የሚያልቅ በመሆኑ፣ ይህን ከንባቡ ብቻ ማወቅ አይቻልም ነበር። ቅጠሎቹ በቦታቸው ሲገቡ የተዘጋው በር ወደ መካከል ሄደ። መጨረሻ ላይ የመጣው አባትየው ወጥቶ ከታላቁ ልጅ ጋር ደጅ የቆመበት ቅጠል ነው። «አንተ እስክትገባ እኔም አልገባም» ይለዋል።

ጠራዡ ወንበር ስቦ እንዳስቀመጣቸው ነግሮናል። ተቀምጠውም «አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አባትየውን ቤት ቆልፌበት ኖሬያለሁ» አሉ።

በዚያው ወር ሁለት ገጽ እርማት ጽፈው ለኅትመት ኮሚቴው አስገቡ። ስህተቱ የራሳቸው መሆኑንና ያገኘውም ጠራዡ መሆኑን በግልጽ አስፍረው ነበር። ግኝቱን የተቃወመ አንድም ሰው እንዳልነበረ ይህ መግለጫ ይመሰክራል። የፈራነው አምስተኛው እትም ገና ከማተሚያ ቤት መውጣቱን፣ ትምህርት ቤቶቹ የሚሉትን፣ የሚስቁብንን ነው። መምህራችን በየዓመቱ መጀመሪያ ሳምንት ያንኑ እርማት በአዲስ ሸኚ ደብዳቤ ያስገቡ ነበር። ቃለ ጉባኤዎቻችን «ይጠና»፣ «በቀጣዩ ስብሰባ ይታይ»፣ «ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም» ይላሉ። አንድ ዓመት ላይ በደረጃው ሲወርዱ ዋና ዳይሬክተሩን አስቁመው «ስህተቱ የኔ ሆኖ ኀፍረቱ የናንተ ሆነ እንዴ?» ብለው ጠይቀዋቸዋል። ዳይሬክተሩ «እናየዋለን» ብለው አለፉ። ይህን መግለጫ የፈረሙትም እርሳቸው ናቸው።

ዘጠነኛውን ደብዳቤ ያመጡት ባለቤታቸው ናቸው። «እሱ መነሣት አልቻለም። ዘንድሮስ ምን ልበለው?» ብለው ጠየቁን። «በሂደት ላይ ነው በሏቸው» አልናቸው። መምህራችን በአሥራ አንደኛው ቀን አረፉ።

ኮሚቴው ረቡዕ ዕለት በአስቸኳይ ተሰብስቦ እርማቱ እንዲታተም ወሰነ። ስብሰባው የፈጀው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልብን ይገባናል።

በዚሁ ስብሰባ በንባብ ክፍላችን ያሉት ሠላሳ ሁለት ቅጂዎች ተሰብስበው እርማቱ እንዲለጠፍባቸው ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቃለ ጉባኤ ይዘው የነበሩት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ብዕራቸውን አስቀመጡና «አትልፉ፤ ሁሉም ውስጥ አለ» አሉ። ወርደን መደርደሪያውን አየን። በእያንዳንዱ ቅጂ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ፣ በመምህራችን እጅ የተገለበጠ ሁለት ገጽ እርማት በጠራዡ ሙጫ ጠርዙ ተጣብቆ፣ ተፈርሞበት ተቀምጧል። የአንዳንዱ ጫፍ በአንባቢ ጣት ብዛት ወይቧል። በአንዱ ግርጌ አንድ ተማሪ በእርሳስ «እግዜር ይስጥልን አባ ቆይ፤ እኔም ታላቅ ልጅ ነኝ» ብሎ ጽፎበታል። ኃላፊዋን ለምን እንዳልነገሩን ስንጠይቃቸው «ማን ጠየቀኝ?» አሉ። መምህራችን በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ቅጂ እየገለበጡ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ ሁለቱንም ጨርሰው ነበር። አንባቢዎቻችን እርማቱን ካወቁት ስምንት ዓመት አልፏቸዋል፤ ያላወቀው ይህ ጽሕፈት ቤት ነው።

ተቋሙ ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው በተለይም ለጠራዡና ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ እንዲሁም ባስተማሩባቸው ዘመናት ሁሉ «ቆይ» ለተባሉ ተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ስድስተኛው እትም እርማቱን ከፊት ገጹ አስቀድሞ ይወጣል፤ የጠራዡም ምስጋና እርሳቸው እንደጻፉት ይቀመጣል።

የተከበሩ ባለቤታቸው «ዘንድሮስ ምን ልበለው?» ብለው ጠይቀውን ነበር። እመቤቴ፣ ዘንድሮ ጸድቋል። እንዳይነግሩልን ግን መምህራችንን ደጅ አቁመናቸው ሄዱብን።