በሰባት ሰዓት የተቀጠሩ አምባሳደር

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ
ዛሬም ሙቀት። ስለ ንግድ ውል ሊያስተምር የመጣው ቆንስል ለሰባት ተማሪ ተናግሮ ሄደ። ሌሎቹ የት ገቡ? ዲኑ ሁመድ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ካሚል፣ የዲፕሎማሲ ኮርስህን የሚያስተምሩት እንግዶች ናቸው። በባዶ አዳራሽ እያዋረድከን ነው። ቀጣዩም እንዲህ ከሆነ እዘጋዋለሁ።»
ስንት ዓመት የደከምኩበት ኮርስ...

ጥቅምት 14
ቀጣዩ እንግዳዬ፣ አምባሳደሩ፣ ሊያስተምሩ እሺ አሉ። ግን የሚመቻቸው ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ብቻ። ሁመድ ሳቀብኝ።
«ጅቡቲ ውስጥ፣ ጫት በሚገባበት ሰዓት? ማንን ልታስተምር ነው፣ ወንበሩን?»
አልቀይርም አልኩ። አገር ለቅጠል ብሎ ሥራ ይፍታ፤ እኔ ግን...
ሚስቴ ሰዓዳ፦ «ዕድሜህን ሙሉ ከጫት ጋር ተጣላህ። እስቲ አንድ ቀን አሸንፈሃል?»

ጥቅምት 18
ለክፍሉ ነገርኩ። የቀረ ዜሮ ያገኛል አልኩ። ዋይስ ከኋላ፦ «መምህር፣ አምባሳደሩስ ራሳቸው ይመጣሉ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 19
አዳራሹ ሞላ። አምባሳደሩ ገና ሲጀምሩ ጫት የጫኑት መኪኖች ክላክስ ተሰማ። ወንዶቹ አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ። በሩን ቆለፍኩ። አዎ፣ ቆለፍኩ።
«መምህር፣ አባቴ እየጠበቀኝ ነው» አለ ዋይስ።
«ቁጭ በል።»
አምባሳደሩ ንግግራቸውን አቆሙ። «ዶክተር፣ ይክፈቱላቸው። የተቆለፈበት ሰው አይሰማኝም።»
ከፈትኩ። ወጡ። የቀሩት ሴቶቹ ብቻ። ሂቦ፣ ያቺ ዝምተኛዋ፣ እጇን አወጣች።
«ክቡር አምባሳደር፣ ባለፈው ዓመት የወደቡን ውል የት ነው የጨረሳችሁት?»
ሰውየው አልዋሹም። «ጥቂቱን ቢሮ። ዋናውን በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃምን።»
«እኛ ሴቶች የወንዶች በርጫ አንገባም። ታዲያ ይሄን ኮርስ ምን እናድርገው?»
አምባሳደሩ እኔን አዩ።

ጥቅምት 20
ሁመድ ኮርሱን ዘጋው። ሂቦና ጓደኞቿ ቢሮዬ መጡ። «መምህር፣ ዝም ሊሉ ነው?»
ኮርሱን የሚመልሰው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ብቻ ነው። ጸሐፊውን ቀጠሮ ጠየቅኩ። «ለሚቀጥለው ወር። ከቸኮሉ ግን... ከሰዓት ፕሬዚዳንቱ የት እንደሚገኙ ያውቃሉ አይደል?»
አውቃለሁ።

ጥቅምት 23
ፕሬዚዳንቱ የሚቅሙበት በርጫ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ሁመድም አለ፣ ጉንጩ ተወጥሮ። «ካሚል? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»
ፕሬዚዳንቱ ጥቂት ቀንበጥ መርጠው ሰጡኝ። እምቢ ልበል? ተቀበልኩ። መራራ ነው። የኮርሱን ነገር አነሳሁ።
«ይሄን ያህል ካስጨነቀህ ይቀጥላ» አሉ። በቃ። ሁመድም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሻይ እንኳ ሳይቀርብ አለቀ።

ጥቅምት 26
ኮርሱ ተመለሰ። ሂቦ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እንዴት አድርገው አስመለሱት?»
መዋሸት አልቻልኩም። የት እንደሄድኩ ነገርኳት።
«እኔ ብሄድስ ያስገቡኝ ነበር?»
መልስ አልጠበቀችም። ገብታ ቦታዋን ያዘች።
እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ክፍሌ ዘግይቼ ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።