ሁለተኛ ያልጠየቀኝ ሰው

ሰኞ፣ ኖቬ. 3

የሲያትሉ ቢሮ በጃንዋሪ መጨረሻ ይዘጋል። ከአሥራ አንዳችን ሁለት ፕሮግራመሮች ብቻ እዚህ ይቀራሉ፣ ደንበኛውን ለመያዝ። ሌላው ወይ ስቶክሆልም፣ ዋናው መ/ቤት ይሄዳል፤ ወይ ይሰናበታል።

ዜናውን ያመጣው ሄንሪክ ነው፣ አለቃችን። በስክሪን፣ ከስቶክሆልም። ከኋላው ነጭ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ዕቃ ብቻ። ስድስት ዓመት አለቃዬ ነው፤ አራቱን እኔም እዚያ ሳለሁ፣ ሁለቱን ከዚህ ሆኜ። ድምፁ የአየር ጠባይ የሚያነብ ሰው ድምፅ። ከጎኔ የሚቀመጠው ብሬንት ሰምቶ ሲጨርስ ኦሰም፣ ስላካፈልከን እናመሰግናለን አለው። አሜሪካኖቹ ቤታቸው ሲቃጠል እሳቱን ያመሰግናሉ።

ከዚያ ሄንሪክ ተራ በተራ ጠየቀ፤ እዚህ መቅረት የሚፈልግ ማነው። ብሬንት እኔ አለ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። ቀጥሎ እኔ። እንደ ሰው መለስኩ፦ ኧረ ሌሎቹ ይቅደሙ፣ ለእኔ አታስብ። ሄንሪክ ጥሩ፣ ግልጽ ነው አለ። ጻፈ። ወደ ሕንዷ ባልደረባችን፣ ወደ ፕሪያ አለፈ። እሷም እፈልጋለሁ አለች።

አለፈ፣ ማስታወሻዬ። በቃኝ ያለውን እንግዳ እውነት መስሎት ሰሃኑን እንደሚያነሳ ሰው።

ማክሰኞ፣ ኖቬ. 4

ሰንጠረዡ ተላከ። ሲያትል፦ ብሬንት፣ ፕሪያ። ከእኔ ስም ፊት፦ ስቶክሆልም፣ በራሱ ምርጫ። አረንጓዴ ምልክት አለው።

በራሱ ምርጫ! ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቶ። የእኔን ኮድ መስመር በመስመር ያነባል፤ አንዲት ትርፍ ቃል አያልፈውም። ሰው ማንበብ ግን አልተማረም።

ማታ ሰብለ፣ ሚስቴ፣ ምን ተባለ አለችኝ። ኩባንያው ስቶክሆልም መድቦኛል አልኳት። ቪዛችን የታሰረው ከኩባንያው ጋር ነው፤ እኔ ከሄድኩ ሁላችንም ነን። ድስቱን ማጠብ ቀጠለች፣ የታጠበውን።

ሐሙስ፣ ኖቬ. 6፣ ባቡር ውስጥ

ከሊንውድ፣ ከደንበኛው ዘንድ ስመለስ። ስለ ስቶክሆልም የማስታውሰውን ልጻፍ፣ ሳልጨምር።

የሕንፃችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል በቀጠሮ ነበር። አንድ ቀን ከተራዬ አሥር ደቂቃ አሳለፍኩ። በማግስቱ በሩ ላይ ወረቀት፦ ውድ ጎረቤት፣ ሰዓት እናክብር። ከታች የምትስቅ ፊት። የጻፈችው ሴት በሯ ከበሬ ትይዩ ነው። አራት ዓመት ሰላም ብላኝ አታውቅም። ደረጃው ላይ ኮቴ ከሰማች እስክናልፍ ውስጥ ትጠብቃለች።

ቢሮ። የቡና ማሽን ለመቀየር ሦስት ስብሰባ። ሁሉም ሐሳቡን ይሰጣል። ማንም አይቃወምም፣ ማንም አይወስንም። ከዚያ አንድ ጠዋት ማሽኑ ተቀይሮ ታገኘዋለህ። በየቀኑ ፊካ የሚሉት እረፍት አለ፤ ቀረፋ ዳቦ ይዘን ክብ ሠርተን ስለ በረዶ እናወራለን። ወንበሩ ላይ ቀርቶ ሥራ የሚጨርስን ሰው የታመመ ይመስል ያዩታል።

ይህ ሁሉ ያስቃል። ሰብለን አያስቃትም። ጎንደር ስምንት ዓመት ነርስ ነበረች። ስዊድን ወረቀትሽን አናውቀውም አላት። መጀመሪያ ቋንቋ፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ተጨማሪ ትምህርት፣ ከዚያ ጠብቂ። አራት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ አልጋ አነጠፈች። እዚህ ባለፈው ወር የነርስነት ፈተናውን አለፈች። ሆስፒታል ሥራ ከሳምንት በኋላ ዓርብ ትጀምራለች። ሰማያዊውን የሥራ ልብስ ገዝታ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቅላዋለች። ጠዋት ጠዋት ሳየው ወደ ሌላ አቅጣጫ ካልሲ እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 8

ሬንተን፣ ጋሽ ተካ ቤት። የሰብለ አጎት ናቸው። በዲቪ መጡ፣ ሶዶ በሚሉት የሲያትል ሠፈር መጋዘን ገቡ፣ እዚያው አረጁ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የሁልጊዜው ቀልድ፦ «ስዊድናዊው መጣ፣ ማሞቂያውን ዝጉለት!» ሰው ሁሉ ይስቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ። የምጠላው ቀልዱን ሳይሆን የሚስቁትን ነው።

ሰብለ ስለ ስቶክሆልም ነገረቻቸው፣ እነማን እንደሚቀሩም። ወደ እኔ ዞሩ። «ሶ፣ ሕንዷን ካስቀሩ አንተን ምን ብለው ነው የሚልኩህ? ሥራ አትችልም እንዴ?»

ይህን ያለኝ ዕድሜውን ካርቶን ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ተናደድኩ። ተናድጄ እውነቱን ተናገርኩ። እችላለሁ፣ ጠይቀውኝ ነበር፣ ሌሎች ይቅደሙ ብዬ ነው፣ ድጋሚ አልጠየቁኝም።

ከዚያ ጋሽ ተካ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንተ! ስንት ዓመት ኮምፒውተር ተምረህ?»

«ምን ላድርግ ጋሽ ተካ? እርስዎ ቢሆኑ ዘለው ይይዙት ነበር?»

«እኔማ ዕድሌን ለፍልፌ አበላሽቻታለሁ፣ ስማኝ። የገባሁ ሰሞን ፎርማኑ ፎርክሊፍት መንዳት ላሠልጥንህ አለኝ። ኧረ እኔ ምኑን ችዬ አልኩት። ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዘጠኝ ዓመት በወገቤ ተሸከምኩ። ሰውዬው ሪታየር አደረገ እኮ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ከሰብለ በቀር። እሷ እኔን ታያለች። ማክሰኞ የዋሸኋትን እያገጣጠመች።

መኪና ውስጥ ግማሽ መንገድ ሄደናል። ሰብለ፦ «አባቴ ሽማግሌዎችህን ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። ሄንሪክን ልከህ ቢሆን ዛሬ የሌላ ሰው ሚስት ነኝ።» ስትለው አልሳቀችም። ቤት ደርሰን ፓርክ ሳደርግም ቶሎ አልወረደችም። ለምን ዋሸኸኝ አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ኖቬ. 10

ብሬንት ለቀቀ። ሌላ ኩባንያ ወሰደው። ቦታውን ከነጠቀኝ በሳምንቱ። ሱፐር ኤክሳይትድ ነኝ ይላል። ሐሙስ የስንብት ኬክ አለ።

ሄንሪክን ለብቻው አገኘሁት፣ በስክሪን። ስድስት ዓመት አውቅሃለሁ፣ እንዴት አንድ ጊዜ ጠይቀህ ታልፋለህ አልኩት። እንዲያፍር ነበር የፈለግኩት። አላፈረም። ግራ ገባው። አንተ አይሆንም ብለሃል አለኝ። ድጋሚ ብጠይቅህ ቃልህን አላመንኩም ማለት ነው፤ ያ እኛ ዘንድ ንቀት ነው።

ንቀት። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ተናቅኩ ስል፣ እሱ ሲያከብረኝ ነበር። እንዲህ ያለ አክብሮት አይቼ አላውቅም፤ የሰውን ቤት ያፈርሳል፣ ድምፅ ግን የለውም።

የብሬንትን ቦታ የሚፈልግ እስከ ረቡዕ ቀትር ይጻፍልኝ አለ። አጭር ይሁን። ምክንያት አያስፈልግም። ከዚያ የምትስቅ ፊት የምታህል ፈገግታ።

ረቡዕ፣ ኖቬ. 12፣ ረፋድ

ከቤት እየሠራሁ ነው። ማለትም አልሠራሁም።

1ኛ ረቂቅ፦ ሌሎች ፍላጎት ከሌላቸውና ለቡድኑ የማያስቸግር ከሆነ... አጠፋሁ።

2ኛ፦ የባለቤቴን ሁኔታ ከግምት በማስገባት... ማልቀስ ነው። አጠፋሁ።

3ኛው አንድ ገጽ ሆነ። ሰንጠረዡን፣ አረንጓዴ ምልክቱን፣ የእኛን ባህል ሁሉ አስረዳሁት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ማንም አይጠቀምበትም።

ልጄ ሊያ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አሟት ከት/ቤት ቀርታለች። ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አነበበች። በእንግሊዝኛ፦ በቃ እፈልገዋለሁ በል አለችኝ። በአማርኛ ተናገሪ አልኳት። በአማርኛ ያው ነው አለች፣ በእንግሊዝኛ።

ያው አይደለም። እፈልገዋለሁ ብሎ መጻፍ እንግዳ በሞላበት ቤት ቀድሞ እጅን ሰሃን ውስጥ መክተት ነው። አባቴ እንዲህ ያለውን ልጅ በዓይኑ ነበር ከማዕድ የሚያስነሣው። ሄንሪክን፣ ብሬንትን፣ ጋሽ ተካን ሳምንት ሙሉ እዚህ ላይ ዘረጠጥኳቸው፣ ማስታወሻዬ። ሦስቱም ግን የፈለጉትን በአንድ ዓ.ነገር ይናገራሉ። ጋሽ ተካ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባቸው ቢሆንም።

ረቡዕ፣ ለቀትር ሩብ ጉዳይ

ላክሁት። የሲያትሉን ቦታ እፈልገዋለሁ። ሰላምታም የለው፣ ይቅርታም የለው። ከላክሁ በኋላ ተነሥቼ መጋረጃ ዘጋሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከሰዓት

ሄንሪክ መለሰ፦ አመሰግናለሁ፣ ግልጽ ነው። ያኔም ያለኝ ግልጽ ነው ነበር። ዲዬጎ የሚባለው ባልደረባዬም ትናንት ጽፏል፤ እሱም ሚስትና ልጆች አሉት። ድሮ ቢሆን አሁን ደውዬ አንተ ቅደም እለው ነበር። ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሣሁ። ሁለቴም መልሼ አስቀመጥኩ።

ለሰብለ ነገርኳት፤ ረቂቆቹን ጭምር፣ የማክሰኞውን ውሸት ጭምር። የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ሦስተኛውን ረቂቅ አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት። እንኳን አልላክኸው አለችና ኮሌታውን ገልብጣ ቀጠለች።

ውሳኔው ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የእሷ የመጀመሪያ ፈረቃ በዚያው ቀን አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ስልክ ሎከር ውስጥ ይቀመጣል ብለዋታል፤ እስከ ምሳ ድረስ አታየውም።