ድምፁ የተቀነሰው ድራማ

ለተከበርሽው እህቴ ለበለጥሽ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ በዚህ በሰው አገር፣ በትሮይቪል ሰፈር፣ የአምላክ ቸርነት አልተለየኝም።

ልጅሽ ሲላስ ከከተማው ወጣ ብሎ በቴምቢሳ ያለውን ሱቁን ዘግቶ እኔ ዘንድ ሰንብቷል። «ለእድሳት ነው» ይላል፤ በዚያ ሰፈር የሚነግዱ የአገራችን ልጆችም ባንድ ሰሞን ለእድሳት ዘግተዋል። አመሻሽ ላይ ከልጅ ልጄ ከሶልያና ጋር ክሪኬት በሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ ስለ ሁለት አገሮች የቆየ ፉክክር የሚተርክ ድራማ እናያለን። ባላንጣዎቹ ነጭ ለብሰው ሲፋለሙ ይቆዩና ጨዋታውን አቋርጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሲላስ ይህን አይቶ፣ «ጋሼ፣ የኛ ሰፈር ሰዎችም እኛን የሚተዉበት የሻይ ሰዓት በኖራቸው» ብሎ ሳቀ።

በድራማው ውስጥ ያለው ተመልካች በጮኸ ቁጥር ግን ሲላስ ተነሥቶ ድምፁን ይቀንሳል። ሶልያናም «ሪላክስ፣ ፊልም እኮ ነው» እያለች ትቀልድበታለች።

ትናንት ቴሌቪዥኑን ጨርሶ አጠፋው። ጩኸቱ ግን አልጠፋም፤ የብዙ ሰው ድምፅ ከመንገዱ ማዶ እየቀረበ መጣ። ሶልያና አልቀለደችም። መብራቱን አጥፍተን የምሽቱን መዝሙር ከንፈራችንን ብቻ እያንቀሳቀስን ዘመርን።

ታናሹ ልጅሽ ሀቢሶ ወደዚህ ለመምጣት የጀመረውን ዝግጅት ለጊዜው ቢያቆየው እወዳለሁ። የዘንድሮው ብርድ ለእንግዳ አይሆንም።

አንቺን በሰላም የሚያሳድር አምላክ እኛንም አይርሳን።

ወንድምሽ ተፈሪ