የጋሽ ነገ ሐሙሶች

ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ነገ» እያሉ የሚጠሯቸው ታላቅ ወንድማችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከቤት እመቤቷ እናታችን በ1949 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ በመሆናቸው ተከትለናቸው የመጣነው ሁላችንም ያደግነው በእርሳቸው ጫማ ነው። ይህን የምጽፈው እኔ የመጨረሻዋ እህታቸው፣ ሶሉ ያለቀው ጫማ የደረሰኝ ነኝ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን በሚገኘው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ። የእጅ ጽሑፋቸው ግን ለራሳቸውም የማይነበብ ስለነበር መጽሐፍ በሚሠራበት ቤት መቀጠራቸው ቤተሰቡን ሲያስቅ ኖሯል። በ1968 ዓ.ም. በማተሚያ ቤቱ የጥረዛና ቆረጣ ክፍል ሥራ ጀመሩ። በዚያው ቀን በወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ ለመሥራት ከተቀጠሩ አንድ ሰው ጋር ተዋወቁ። እኚህ ሰው በሙያቸው «ቆራጩ» ተብለው የሚታወቁት፣ ዛሬ በዚህ ሽኝት ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የምናያቸው ወዳጃቸው ናቸው። በ1976 ዓ.ም. ወንድማችን የማተሚያ ቤቱን ታይፒስት ሲያገቡ ሚዜ የሆኑትም እርሳቸው ነበሩ።

በ1983 ዓ.ም. የክፍሉ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ ደስ አላሰኛቸውም። ትናንት አብሯቸው ሲስቅ የነበረ ሰው ዛሬ ሲገቡ ዝም እንደሚል ለባለቤታቸው በሐዘን ነግረዋቸዋል።

ሐሙስን ያመጡት ያን ጊዜ ነው። ሐሙስ ከመውጫ ሰዓት በፊት ማሽኖቹ ይጠፋሉ፤ ሠራተኛው በወረቀት እሽጎች ላይ ክብ ሠርቶ ይቀመጥና በልቡ ያለውን፣ በአለቃው ላይ ያለውን ቅሬታ ጭምር፣ ሳይፈራ ይናገራል። አለቃው ግን በዚያ ቀን አፋቸውን አይከፍቱም። ወዲያው የሚሰጥ መልስ ከብስጭት ነው የሚመጣው፣ አድሮ ይሻላል ይሉ ነበር። መልሱን አርብ ጠዋት፣ ማሽን ሳይነሣ፣ በር ላይ ቆመው ይናገራሉ። «ነገ» የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚህ ነው። አንዲት ጠራዥ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚደርሰው በቀልድዎ ለሚስቅ ብቻ ነው ብትላቸው፣ በማግስቱ «አጣርቻለሁ፣ እውነትሽን ነው፤ ከእንግዲህ ለማይስቁትም ይደርሳቸዋል» ማለታቸው እስከ ዛሬ ይወራል። ልማዱን ወደ ቤታቸውም ሊያስገቡት ሞክረው ነበር። ራት ላይ ስለ እኔ እውነቱን ንገሩኝ ሲሉ ግን ልጆቹ ጨው በዝቷል ብለው ነገሩን ወደ እናታቸው ያዞሩት ነበር።

በ1999 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ቆራጩ ተነሡ። በማንም ላይ ቅሬታ እንደሌላቸው፣ ስለ ራሳቸው ግን መናገር እንደፈለጉ ገልጸው፣ «ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። ቢላውን አላየውም፤ በእጄ እየዳበስኩ ነው የምቆርጠው። ለሌላ አለቃ ቢሆን አልናገርም ነበር» አሉ።  ወንድማችን እንደ ልማዳቸው መልሱን ለአርብ አቆዩት። በዚያ ዕለት እህል እንዳልቀመሱ ባለቤታቸው ያስታውሳሉ። ጓደኛቸውን እዚያው ቢተዉዋቸው ማሽኑ እጃቸውን ሊወስደው ነው፤ ቢያነሷቸው ደግሞ አምኖ የተናገረን ሰው መቅጣት ሊሆን ነው።

አርብ ጠዋት በር ላይ ቆመው ከማሽኑ እንዳነሷቸው ነገሯቸው። ቀለል ያለ ሥራ እንደሚያገኙላቸውም ቃል ገቡ። ዕቃ ግምጃ ቤቱን ለመኑ፣ ጥበቃውን ለመኑ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲወጡ ሲወርዱ ከረሙ። ክፍት ቦታ የለም ተባሉ። ቆራጩ በሕመም ምክንያት ተሰናበቱ። በስንብቱ ወረቀት ላይ እንደ ክፍል ኃላፊ የፈረሙት ወንድማችን ናቸው።

ከዚያ በኋላም ሐሙስ አልቀረም። ማሽኖቹ ይጠፋሉ፣ ሰዉ ይቀመጣል፣ ሁሉም በየተራው «ሰላም ነው ጋሼ» ይላል። ሰላም አልነበረም። አንዱ ጠራዥ ማሽን ያቆሰለውን ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከትቶት ነበር። ደሙ ኪሱ ላይ እየታየ፣ ምን ሆነሃል ሲሉት «ምንም» አላቸው። በማግስቱ በር ላይ ቆመው የሚመልሱት ነገር አጡ። ያን ቅዳሜ እኔ ቤት መጥተው «ምን ላድርግ? ምንም ማድረግ አልቻልኩም» እያሉ አለቀሱ። 

በ2009 ዓ.ም. በጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ በእሽጉ ላይ መቀመጣቸውን አልተዉም። ምን ይሠራልዎታል ብላቸው፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ሊናገር ቢፈልግ ቦታው ባዶ እንዳይሆንበት ነው አሉኝ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ዋሉ። ሐኪሙ የት ጋ እንደሚያማቸው ሲጠይቋቸው እርሳቸውም «ሰላም ነው» ማለት ጀመሩ፤ ከዚያ ክፍል የተጋባባቸው ይመስለናል። ስቃያቸውን እያየን ከመቀመጥ በቀር ያደረግነው ነገር የለም።

በመጨረሻው ሐሙስ ቆራጩን አስጠሩ። ቆራጩ ዛሬ ጨርሶ ስለማያዩ በሴት ልጃቸው ክንድ ተመርተው መጡ። ወንድማችን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋቸው፦ «ያን ጊዜ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» ቆራጩ አልጋውን ዳብሰው እጃቸውን ያዙና «ዛሬ ሐሙስ አይደል? መልሱ ነገ» አሏቸው። ወንድማችን ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ካየናቸው ዓመታት አልፈው ነበር።

አርብ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ቆራጩ በዚያው ጠዋት እንደ ቃላቸው በር ላይ ደረሱ። ልቅሶውን የሰሙት እዚያው ቆመው ነው። በማግስቱ መልስዎ ምን ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ሲያወጡ ሲያወርዱ እንዳደሩ ነገሩኝና፣ «እኔም አላውቅም ልለው ነበር የመጣሁት» አሉኝ። ይህም ዛሬ በወንድማችን አስከሬን ፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብላቸው አደራ አሉኝ።

ጋሼ፣ መልስዎ ይኸው ደርሷል። ከዚያች አርብ ጀምሮ ዕረፍት ያጣችውን ነፍስዎን አምላክ ያሳርፍልን።