የኅዳር ጽዮን ፓኒኖ

ሞጣ፣ ኅዳር ፳፫ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ፣ ቢቸና።

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ጠንክሯልና ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ጋቢ ይደርቡ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እግሬ መሬት አልነካም። ደብዳቤውን የሚያነብልዎ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልኝ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቢሰማ ደስታዬ ነው።

አማቴ እትዬ ወለተ ገብርኤል ቤታቸው ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔን ማየት እንደማይወዱ ባለፈው ጽፌልዎታለሁ። ለመጣ ለሄደው «እናቷ የጣሊያን ወጥ ቤት ነበረች፤ ልጅቱ ሙያ ከየት ታመጣለች?» ይላሉ። እኔን ቢሰድቡኝ እችለዋለሁ፤ እርስዎን ሲነኩብኝ ግን ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ ደምለው ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው ጋር ስለሚውል ይህን ሁሉ አይሰማም፤ ቢሰማም አይመልስም። የኅዳር ጽዮን ማኅበር ዘንድሮ በእኛ ቤት ተራ ነበርና አማቴ ድግሱን ብቻዬን እንድወጣው ፈረዱብኝ። ካላማረ በማግስቱ በቅሎ ተጭኖልኝ ወደ ቢቸና እንደምመለስ ለደምለው ነገሩት። እሱም ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ጠላው ደርሷል፣ ድፎ ዳቦው በኮባ ተጋግሯል፣ የምስር ወጡም በትልቁ ድስት ይንተከተካል። ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው አማቴ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱና በነቢያት ጾም ወጡን ፍስክ አደረገችው ብለው ጮኹ። እውነትም በእጄ የያዝሁት የቅቤ ማንጠሪያውን ማማሰያ ነበር። ማን እንዳቀበለኝ አልጽፍም፤ ጽዮን ታውቃለች። ወጡ ወደ ጓዳ ተመለሰ፤ ሌላ ለመሥራት ጊዜ የለም።

ጓሮ ወርጄ አለቀስሁ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ዓይኔ ቲማቲሙ ላይ ዐረፈ፤ ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሆኜ ሲያመኝ በሩን ዘግተው፣ ዳቦ ሰንጥቀው፣ በጋለ የወፍጮ መጅ ተጭነው የሚሠሩልኝ፣ በሹክሹክታ ፓኒኖ የሚሉት ነገር። የጣሊያን ምግብ ነውና በሰው ፊት እንዳልሠራው አስምለውኝ ነበር። እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ መሐላዬን አፈረስሁ።

ድፎውን በስሱ ቆረጥሁ። በየሁለቱ ቁራጭ መካከል ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ በሶብላ አደረግሁ፤ ውጪውን የኑግ ዘይት ቀባሁት። መጅ እስኪግል መጠበቅ አይሞከርም። ደምለው እጀ ጠባቡን ሊተኩስ ካውያውን አቀጣጥሎት ነበርና ፍም እንደሞላው ከእጁ ነጠቅሁት። ዳቦውን መጥበሻ ላይ አድርጌ፣ ኮባ አልብሼ፣ ካውያውን አሳረፍሁበት። አማቴ በሱሪ መተኮሻ ምግብ ሲጠበስ ለማየት በቃሁ ብለው አማተቡ። እኔ ጆሮዬ ያለው ቺስስ የሚለው ድምፅ ላይ ነበር። ኮባውን ስገልጠው ቅርፊቱ ቀይ ብሎ፣ የቅጠሉ መስመር ታትሞበት ወጣ። ሽታው እንግዶቹን ከደጅ ተቀበላቸው።

ካህኑ ባርከው ቀመሱና ድገሚኝ አሉ። ቀጥሎ ለባሻ ወልደ ኪዳን ደረሳቸው። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ናቸው፤ በአርበኝነት ዘመናቸው የጣሊያን ሰደፍ የፊት ጥርሳቸውን ሰበረው እየተባለ በሞጣ ይወራል። ባሻ አልበሉም። ዳቦውን በሁለት ጣታቸው ፈልቅቀው ውስጡን አዩ። አማቴ ፈገግ ሲሉ አየሁ። ባሻ ቀና ብለው «ልጄ፣ ቁልፍ የለበትም?» አሉኝ። የጃጁ መሰለን። እሳቸው ግን ይስቃሉ፣ እንባቸውም ይወርዳል።

ከዚያ ነገሩን። በጣሊያን ጊዜ ከጓደኞቻቸው ጋር ቢቸና ታስረው፣ በሚረሸኑበት ቀን ዋዜማ፣ የጣሊያኖቹ ወጥ ሠሪ የሆነች ኮረዳ በኮባ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ በመስኮት ወርውራላቸው ሄደች። ባሻ ርቧቸው ነበርና በኃይል ገመጡት። ጥርሳቸውን የሰበረው ሰደፍ አልነበረም፤ በዳቦው ውስጥ የተደበቀው የእስር ቤቱ ቁልፍ ነው! በዚያች ሌሊት ሁሉም አመለጡ። ለጣሊያን ምግብ የምትሠራ የቢቸና ልጅ አንዲት ብቻ ነበረች፣ ስሟን ሳላውቅ አረጀሁ አሉ። የማን ልጅ እንደሆንሁ መናገር አላስፈለገኝም፤ አማቴ ለማኅበሩ በሙሉ አስቀድመው አዳርሰውታልና! ባሻ ብድግ ብለው ለእኔ፣ ልጃቸውን ለማህለው፣ እጅ ነሡኝ።

አማቴ አንድ ፓኒኖ አንሥተው ቆመው በሉ። ደገሙም። ዛሬ ጧት ደግሞ ካውያውን ራሳቸው በአመድ ፈትገው አመጡና እንዴት እንደሚሠራ አሳይኝ አሉኝ። በቅሎዋ ሣሯን ትግጣለች።

እናቴ፣ ሰው በነገር ሲወጋዎ ያን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉ? ሰዎቹ መትረፋቸውን የሚነግርዎ ጠፍቶ ነው? ይኸው እኔ ነገርሁዎት፤ ተርፈዋል፤ ወልደዋል፣ ከብደዋል። የእርስዎ ልጅ በመሆኔ ሞጣ ጠቦኛል።

ባሻ ለገና ቢቸና ይመጣሉ። ያን ቁልፍ እስከ ዛሬ ከማተባቸው ጋር አስረውት ይኖራሉ፤ በዓይኔ አየሁት። እዚህ ላይ አንባቢው ድምፁን ዝቅ ያድርግ። የባሻ ባለቤት ካረፉ ሰንብቷል፤ እርስዎም ብቻዎን ነዎት፤ የጻፍሁት እንዲያው ለወሬ ያህል ነው። ደምለው አዲስ ቀሚስ እየሰፋልዎ ነው፤ ለምን እንደቸኮልሁ አልነገርሁትም።

ጽዮን ማርያም ደጅዎን ትጠብቅልኝ፤ ዕድሜና ጤና ሰጥታ ለዓይነ ሥጋ ታብቃን። እንግዳዎን በፓኒኖ መቀበልዎ እንደማይቀር አውቃለሁ። ሲሠሩ ግን እባክዎ በሩን አይዝጉት።

ልጅዎ